ለእድር መዝገብ የሚሆነው የፕሮግራም ቋንቋ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ልሠራ አስቤያለሁ። 160 አባላት አሉን፤ እስካሁን ሁሉም በደብተር ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት። አንዱ ጃቫ ተማር ይለኛል፣ ሌላው ፓይተን። በየቱ ልጀምር?

መልስ፦ በጃቫስክሪፕት ይጀምሩ። ስሙ ቢመሳሰልም ከጃቫ የተለየ ቋንቋ ነው። በጃቫ የስልክ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ስለሚጠይቅ ላፕቶፕዎ አይችለውም። ፓይተን ጥሩ ቋንቋ ነው፤ መዝገቡን የሚነካው እርስዎ ብቻ ቢሆኑ እሱን እንመክር ነበር። ገንዘብ ያዡም ኮምፒውተር ላይ ይሥራ ካሉ ግን ፓይተንን እዚያም መጫን ይመጣል። ጃቫስክሪፕት በብሮውዘር ገጽ ውስጥ ስለሚሠራ መጻፊያው ኖትፓድና ብሮውዘሩ ክሮም ይበቃሉ፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ዋናው ምክንያታችን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ፓይተን ይዞት የሚመጣው የቀን መሣሪያ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ግን «ኢንትል» በሚባለው ክፍሉ የእኛንም ያውቃል፤ ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ» ቢሉት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024ን መስከረም 1 ቀን 2017 አድርጎ ያሳያል። ኢንትል በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን ወደ ፈረንጅ መመለስ ግን አይችልም። ስለዚህ የኅዳር 2017 ክፍያ ሲመዘገብ 2017 እና 3 ብለው በቁጥር ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ ጳጉሜን ያስቡ። ወራቱን እስከ 13 ካስቆጠሩ ፕሮግራሙ ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር ይዞ 160ውንም አባል ባለዕዳ ያደርጋል። በሐዘን ቀን «ውዝፍ አለብህ» የሚባል ሰው እንዳይኖር ቆጠራው 12 ላይ ይቁም።

ሌላው ችግር ሞክሼ ፊደል ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ያኑሩት፤ ለፍለጋ ብቻ ሁለተኛ ቅጂ ይያዙና በሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይቀየሩ፤ ሃ እና ኣም ወደ ግዕዛቸው ይመለሱ። «ኃይለ ማርያም»ን ገጥሞ የሚጽፍም ስላለ ክፍት ቦታውን ያጥፉ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚሁ መንገድ ይለፍ። ገጹ ራስጌ ላይ የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው መሆኑን ካላወጁ ፊደሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

መረጃው ብሮውዘሩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ በሚይዘው ማስቀመጫ፣ «ሎካል ስቶሬጅ» ውስጥ ይቀመጥ። መጠኑ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የእርስዎ እድር በዓመት 1,920 ክፍያ ስለሆነ ለዓመታት ይበቃል። እያንዳንዱ ክፍያ እንደተጻፈ ከተቀመጠ መብራት ቢሄድም ቀደም ብሎ የተቀመጠው አይጠፋም። ይበልጥ የሚያሰጋው የብሮውዘሩን ዳታ የሚያጸዳ ሰው ነው፤ ያኔ ሁሉም በአንዴ ይሄዳል። ገና ከጅምሩ መዝገቡን በፋይል የሚያወርድ ቁልፍ ይሥሩለት፤ ፋይሉን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ያኑሩ። ደብተሩም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን ይጻፍ።