ወንዱን ድመት «ሄደች» ማለት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ወንድ ድመት አለን። እኔ ሁልጊዜ «ውሮ የት ሄደች? ድመቷ በላች?» እላለሁ። የ8 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ወንድ ነው እኮ! ‹ሄደ› በይ» እያለ ያርመኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ድመት መቼም ሴት ናት» ብሎ ለእኔ ያግዛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ በአንዱ ዓረፍተ ነገር እርስዎ፣ በሌላው ልጅዎ አሸንፏል። ከ«ድመቷ» ልጀምር።

አማርኛ ለእንስሳ ጾታ ሲሰጥ ጭራ ገልጦ አያይም። ወንድ ይሁን ሴት ካላወቅን ወይም ጉዳያችን ካልሆነ፣ ትንንሹን «እሷ»፣ ግዙፉንና የሚያስፈራውን «እሱ» ማለት ይቀናናል። ጥንቸል፣ ወፍ፣ ጦጣ፣ ኤሊ «እሷ» ናቸው። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጅብ «እሱ»። ድመት ከእነጥንቸል ወገን ናት። ተረቱም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ነው የሚለው። «መንኩሶ አመሉን» ቢሉት ጆሮ ይቆረቁራል።

ይህ ልማድ ከእንስሳም ያልፋል። «እስቲ ይቺን ቡና ልጠጣና እመጣለሁ» ስንል ቡናውን አሳንሰን፣ አቆላምጠን መጥራታችን ነው።

የማይነቃነቅ ሕግ ግን አይምሰልዎ። አይጥን ይመልከቱ። «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ስንል ሴት ናት። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ስንል ግን «በበላች» አላልንም። እዚህ ላይ ወንድ ሆነ! ሁለቱም በየአፉ ያሉ ተረቶች ናቸው፤ «ተሳሳትክ» የሚል ሰውም የለም።

አሁን ወደ «ውሮ»። እዚህ ልጅዎ ይረታል። መጨረሻው ላይ ያለው «ኦ» የወንድ መጠሪያ ነው። አያ ጅቦ፣ አያ አንበሶ እንደምንለው። ሴቷ በ«ኢት» ትጠራለች፦ እመት ጦጢት፣ እመት አይጢት። የሰውም ልጅ ቢሆን ማሞና ማሚት አይደል? ለድመትም ሁለቱም አሉ፤ ውሮና ውሪት። እና «ውሮ» ብለው ከጀመሩ «ሄደ» ብለው ይጨርሱ። «ሄደች» ማለቱ ከጣፈጥዎት «ድመቷ» ይበሉና ይገላገሉ።

እኔንም ያረመኝ የእናንተው ከተማ ነው። አንድ ምሽት ፈላና በር ጅቦቹ ሲመገቡ ቆሜ አያለሁ። አንዱ ሌሎቹን በትከሻው ገፍቶ መጣና ከእንጨቱ ጫፍ ሥጋውን መነተፈ። «ይሄ አያ ጅቦ አለቃቸው መሆን አለበት» አልኩ። የሚያበላቸው ሰው ዞር እንኳ ሳይል «ሴት ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህ ባለነጠብጣቡ ጅብ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምታዘው እሷ ናት። ተረታችን ግን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል። «ሄዳ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። (ሐረር መቼም የሚያውቁት አገር ነው። ሐረሪዎች በቋንቋቸው ጅቡን «ወራባ» ብለው ራሳቸው ጠርተው ራት ያበሉታል።)

ያን ምሽት ስህተቴን ላርም ብዬ «እመት ጅቢት» ስል ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለ። እሷም ዞር ብላ አላየችኝም።