«ያለ አንዳች ፍርሃት» ይላል ወረቀቱ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት እዚ ድሬ ከዚራ ቤቴ ሁለት የሰፈር ልጆች መጥተው ነበር። አንደኛው በቅርቡ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ተመርቋል፣ ትከሻው ላይ ያለችው ኮከብ ገና ታበራለች። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሜዳይ አይተው ፎቶ ተነሱና፣ መኮንኑ ልጅ ከጎኑ የተሰቀለውን ከሜዳዩ ጋር የተሰጠኝን የምስክር ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው፣ «ያለ አንዳች ፍርሃት» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ቆም አለና «ሻለቃ፣ እኔ ስፈራ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጓደኛው ሳቀበት። እኔም እንግዳ ፊት መሆኑ ነው መሰለኝ «አይዞህ ትለምደዋለህ» ብዬ ሸኘሁት፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለምጄው አላውቅም። ስለዚ ለሱም ለእናንተም በፅሁፍ ልመልስ።

ያ ወረቀት ትክክል አይደለም። የፃፈው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም፣ እንደዛ ነው የሚፃፈው፣ ግን እኔ ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ይሄን ያህል አመት ሳላስተካክለው መኖሬ ይቆጨኛል።

እኔ የሐረር ጦር አካዳሚ ልጅ ነኝ። በ1950 በህንድ መኮንኖች አሰልጣኝነት የተጀመረ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር፣ ሶስት አመት ካርታውን፣ ታክቲኩን፣ የገበታ ስርአት ሳይቀር ተምረን ነው የወጣነው፣ ፍርሃት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ወይ አልነገሩንም ወይ ነግረውን አልሰማንም። ከዛ በ1969 ክረምት የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን አልፎ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፣ እሷ ተረፈች፣ መስከረም ላይ ጅጅጋ ወደቀች፣ ካራማራም ተያዘ፣ የቀረው ሐረር ነበር። ህዳር 1970 እኔ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ኮረብታ ላይ ነበርኩ። በስሬ ሰላሳ አራት ሰው፣ ግማሹ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የመጣ ሚሊሺያ ነው፣ ማለት ባለፈው አመት ይሄኔ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነበር።

ሌሊቱን መድፉ ሲዘንብብን የጥይት ካዝና መቀየር አቃተኝ። ካዝናው ከጠመንጃው ጋር እየተንቋቋ አልገባ አለኝ፣ ሶስቴ ሞክሬ ሶስቴም አፈር ላይ ወደቀ። አጠገቤ የነበረው ሃምሳ አለቃ በወጣትነቱ ኮንጎ ዘምቶ የተመለሰ ትልቅ ሰው ነው፣ ካዝናውን አንስቶ አፈሩን በእጅጌው ጠረገና ፊቴን ሳያይ ቀጭ አድርጎ አስገባልኝ። ከዛ «ጓድ መቶ አለቃ፣ ሰው ይቁጠሩ» አለኝ። በቃ። አይዞህ አላለኝም፣ ወንድ ሁን አላለኝም።

በደረቴ እየተሳብኩ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስም መጥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጋ ድምፄ አልወጣም። ሶስተኛው ጋ ወጣ። ሰባተኛው ጋ ስንት ጥይት ቀረህ ብዬ ጠየቅኩ፣ ከዛ በኋላ የእያንዳንዱን ኮዳ እያነሳሁ ጆሮዬ ስር መነቅነቅ ጀመርኩ፣ ውሃ እንዳለው ለመስማት። ሃያ ስምንት ላይ የሚቆጠር ሰው አለቀብኝ። ስድስት ጎደለ። ከስድስቱ ሶስቱ በግራ በኩል መትረየሱ ላይ የነበሩ ናቸው፣ መትረየሱ ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እኔና ሃምሳ አለቃው ሳጥን ጥይት ይዘን ሮጥን፣ እስኪነጋ መትረየሱ ላይ ቆየን፣ እሱ ጭኑ ላይ ተመታ። ሜዳዩ የመጣው በዚ ነው። ባልቆጥር ኖሮ በዛ በኩል ገብተው ይጨርሱን ነበር።

ፍርሃቴ የትም አልሄደም እኮ ልጆች፣ ስራ ስላገኘ ግን እጄን ለቀቀኝ። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ ያለው ሾፌርም፣ ደም የሚፈሳት ወላድ ሌሊት የመጣችባት ነርስም ያው ናቸው፣ ስትፈሩ ቅርባችሁ ያለውን የሚቆጠር ነገር ቁጠሩ፣ ማርሽ ይሁን ትንፋሽ ይሁን። ወታደር ከሆናችሁ ደግሞ በስራችሁ ያለውን ሰው ስም በጨለማ እንድትጠሩት አድርጋችሁ እወቁ፣ ያልያዛችሁትን ስም አትቆጥሩትም።

ፍርሃት ቤት ድረስም ይከተላል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ብዙ አመት በር ሲጋጭ ወለሉ ላይ እየተኛሁ ልጆቼን አስደንግጫለሁ። ከጦር ሜዳ የተመለሳችሁ ልጆች አውሩት፣ በጫትና በመጠጥ አትሸፍኑት፣ እኔ ሞክሬ አመታት አቃጥያለሁ። የኤፍ 5 ተዋጊ ጄት አብራሪው ለገሰ ተፈራ ሶማሊያ ውስጥ 11 አመት ታስረው ነው በ1980 የተመለሱት፣ ስለ ጀግንነት ባሰብኩ ቁጥር እኔ ትዝ የሚለኝ አየር ላይ የሰሩት ብቻ ሳይሆን ያ ማንም የማያየው 11 አመት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር፣ የኔን ታሪክ ይዛችሁ የድሬን ሶማሌ በክፉ እንዳታዩ። የተዋጋሁት ከሲያድ ባሬ ጦር ጋር ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ ለቅሶ ሶስት ቀን ያልተለዩኝ ሶማሌ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ሜዳዩን የተቀበልኩ ሰሞን ደረቴ ላይ እንዳለ ሐረር ሃምሳ አለቃው የተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። እንዲኮራብኝ ፈልጌ ነበር። አየት አደረገውና «ያምራል» አለ፣ ቀጥሎ «ከሰላሳ አራቱ አሁን ስንት አለን?» አለኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፣ ስነስርአቱ ላይ ስሯሯጥ ሳምንት ሙሉ አልቆጠርኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ስም መጥራት ጀመርኩ፣ እሱም ብርድ ልብሱ ላይ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል።