የሆስፒታሉ ዋንዛ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ በሆስፒታላችን ግቢ አስታማሚዎች የሚያርፉበት ትልቅ ዋንዛ ከጫፉ እየደረቀ ነው። ግንዱ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለስኖ መቀመጫ ተሠርቶበታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልስኑ ሥሩን ውኃና አየር ሳይነሳው አይቀርም። ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ሲሚንቶውን በመዶሻና በመሮ አንሡ። ዶማ አታስገቡ፤ መጋቢ ሥሮቹ በአብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆኑ ይቆረጣሉ። የተገለጠውን መሬት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ቅጠል አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ እርጥበት ይዞ ልጡን ያበሰብሰዋል። በበጋ በሳምንት አንዴ ውኃው ቀስ እያለ እንዲሰርግ አድርጋችሁ አጠጡ። የበረኪና እጣቢ እዚያ እንዳይደፋ አደራ! የደረቁትን ቅርንጫፎች ሳትዘገዩ በባለሙያ አስቆርጡ፤ ከበታቻቸው ሰው ይቀመጣል። አዲሱን መቀመጫ ከእንጨት ሠርታችሁ ከግንዱ ራቅ አድርጉት።