በፀሐይ ሙቀት ወይስ በፀሐይ ኃይል?

ጥያቄ፦ የሳይንስ ዜናዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ዜፊር ስለተባለው የኤርባስ ሰው አልባ አውሮፕላን የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በፀሐይ ሙቀት የሚሠራው ሰው አልባ አውሮፕላኑ በከፍተኛ ከፍታ ላይ ሳያርፍ ለ67 ቀናት በረረ።» አንድ ባልደረባዬ «ይጎረብጣል» አለኝ፤ የቱ ጋ እንደሚጎረብጥ ግን ሊነግረኝ አልቻለም። እርስዎ ምን ይላሉ? ደግሞስ «ድሮኑ» ነው ወይስ «ድሮኗ» የሚባለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው፤ የሚጎረብጠውም ከአንድ ቦታ በላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው «ሙቀት» የሚለው ቃል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን የነገሩን እውነትም ያበላሻልና።

ፀሐይን ከሙቀት ጋር ማያያዝ በቋንቋችን የኖረ ልማድ ነው። ጠዋት ደጅ የምንቀመጠው «ፀሐይ ለመሞቅ» ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን የውኃ ማሞቂያም «በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ» ብንለው ትክክል ነን፤ ውኃውን የሚያሞቀው ሙቀቱ ራሱ ነው። የዜፊርን ክንፍ የሸፈነው ሶላር ግን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከብርሃን ነው፤ እንዲያውም ሶላር ሲግል የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። አውሮፕላኑ የሚበርበት፣ ከምድር ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ከፍታ ደግሞ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪና ከዚያም የባሰ ብርድ ያለበት ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ የሚበርን አውሮፕላን «በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው።

ታዲያ «በፀሐይ ብርሃን» እንበል? ለሶላሩ ይስማማል፤ ለአውሮፕላኑ ግን የሚያገለግለው ቀን ቀን ብቻ ነው። ዜፊር ቀን ከሶላሩ ባገኘው ኤሌክትሪክ ሞተሮቹን እያዞረ ባትሪውን ይሞላል። ሌሊት የሚበረው በባትሪው ነው፤ ኃይል ለመቆጠብም ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፣ ሲነጋ መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ቀኑንም ሌሊቱንም የሚሸፍነው ቃል «ኃይል» ነው፤ በባትሪው ውስጥ የተጠራቀመውም ከፀሐይ የመጣ ነውና። ስለዚህ ሶላሩ «የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል»፣ አውሮፕላኑ «በፀሐይ ኃይል ይበራል» ብለው ቢለዩት ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

«የሚሠራው» የሚለውም ቢቀየር እመርጣለሁ። ስሕተት ስለሆነ አይደለም፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው። «የሚሠራ» ላልቶ ሲነበብ ሥራውን የሚያከናውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚመረት ማለት ነው። «በኬንያ የሚሠራው ዜፊር» ብለው ቢጽፉ አንባቢው እዚያ ይመረታል ብሎ ሊረዳ ይችላል፤ ነገሩ ግን የሚመረተው በእንግሊዝ ሲሆን ኬንያ ውስጥ ያለው የሚነሣበት ጣቢያ ነው። «የሚበረው» ሲሉ ይህ ሁሉ ይቀራል።

አሁን ወደ «ሰው አልባ አውሮፕላኑ» እንምጣ። በአማርኛ ስም ቅጽል ሲቀድመው ማወቂያው (ነገሩ የታወቀ መሆኑን የሚያሳየው ቅጥያ) የሚያርፈው በቅጽሉ ላይ ነው፤ «ትልቁ ቤት» እንላለን እንጂ «ትልቅ ቤቱ» አንልም። «አልባ»ም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፦ ወላጅ አልባው ሕፃን፣ ወደብ አልባዋ አገር፣ ሰው አልባው አውሮፕላን። ተሳቢ ሲሆንም «ሰው አልባውን አውሮፕላን» ነው። «ሰው አልባ አውሮፕላኑ» የሚሉ ጸሐፊዎች ሐረጉን እንደ «አየር መንገዱ» እና «ምግብ ቤቱ» አንድ የተጣበቀ ስም አድርገው ወስደውታል፤ ብቻውን ሲቆም አልነቅፈውም። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን «የሚሠራው» ላይ ማወቂያው አስቀድሞ ገብቷል፤ መጨረሻ ላይ መድገሙ ትርፍ ነው። ገላጩ ሐረግ ቢረዝምም ሕጉ ያው ነው፦ «ክንፉ 25 ሜትር የሚረዝመው፣ ክብደቱ ግን 75 ኪሎ ግራም የማይሞላው ሰው አልባ አውሮፕላን»።

«በከፍተኛ ከፍታ ላይ ሳያርፍ» ሁለት ችግር ተሸክሟል። «ላይ» እና «ማረፍ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ አማርኛ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስታርፍ ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍታው ላይ ማረፍ ይችል የነበረ ያህል ይሰማል። «ሳያርፍ»ን ወደ ግሱ ያስጠጉት። «ከፍተኛ ከፍታ» ደግሞ ያው «ከፍ» ተደግሞ ነው፤ ቁጥሩን መናገር ይሻላል፤ ከፍታና ከፍታ ይለያያልና። የአሜሪካው ናሳ ሄሊዮስ የተባለው በፀሐይ ኃይል የሚበር ሰው አልባ አውሮፕላን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል። ያንንም ይህንንም «ከፍተኛ ከፍታ» ብሎ ማለፍ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «በፀሐይ ኃይል የሚበረው ሰው አልባ አውሮፕላን ዜፊር የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከኬንያ ላይኪፒያ ተነሥቶ ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ለ67 ቀናት ሳያርፍ በረረ።» «67 ቀን»ም ቢሉ ልክ ነው፤ ከቁጥር በኋላ ነጠላውም ብዙውም ይገባል።

«ድሮን» ከውጭ የመጣ ቃል ስለሆነ ጾታ ይዞ አልመጣም። በአንስታይ ሲጠሩት ትንሽነት ወይም ፍቅር ይታከልበታል፤ «መኪናዋ» እንደምንለው ነው። ለዜና «ድሮኑ» ይበቃል እላለሁ፤ በወግና በትረካ «ድሮኗ» ብትባል ግን ጥያቄ የለኝም። የሚያስቸግረው መቀላቀሉ ነው፦ «ድሮኗ ማለዳ ተነሥቶ ማታ ተመለሰች» የመሰለ አረፍተ ነገር በየዕለቱ ያጋጥመኛል። አንዱን ከመረጡ በኋላ በመሐል የሚገቡትን ግሶች አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ ጾታው የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እንደ «ተነሥቶ» ባሉት ላይ ነው።