ድራይቨሩን ተወው፣ ዲ ድራይቭን አሳየኝ

ጥያቄው የመጣው ከሀዋሳ ነው። ልጁ ያለው ዴስክቶፕ ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፣ የስዕል ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩን አልቀበልም አለው። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሰራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን ጫነ። ዊንዶውሱንም አላጠፋውም፣ ጎን ለጎን አሉ።

«ጋሼ፣ ዶታ 2ን ሊኑክሱ ላይ አውርጄ ቆንጆ አድርጎ ይሰራል። በዊንዶውስ ጊዜ ዲ ድራይቭ ላይ የጫንኳቸው ጂቲኤ ፋይቭና ዊቸር 3 ግን እምቢ አሉ። ጌሞቹን በገዛሁበት ፕሮግራም፣ ስቲም ላይ፣ ፕሌይ እላለሁ፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ፕሌይ ይላል። ምንም መልዕክት የለም። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ ቀያየሩት፣ ብሩን ተቀበሉኝ፣ ያው ነው። እንደገና እንዳላወርድ የዳታው ዋጋ አይቀመስም» ይላል።

ወንድሜ፣ ድራይቨርህ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሰራው ፕሮግራም፣ ደህና ነው። ምስክሩ ዶታ ነው። ሊኑክስ ላይ ዶታ ካርዱን የሚያዘው ቩልካን በሚባል ቋንቋ ነው፣ ለነዚያ ጌሞችም የሚያስፈልገው እሱው ነው። ካርዱ ችግር ቢኖርበት ሦስቱም ባልተነሱ ነበር። የተነሳው ሊኑክሱ ዲስክ ላይ ያለው፣ ያልተነሱት ዲ ላይ ያሉት። እኔ የምይዘው ዲን ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ፋይል ማኔጀሩን ክፈት፣ ዲ ውስጥ ግባ፣ አዲስ ፎልደር ፍጠርና ስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) አስገባ። ኪቦርድህን ወደ እንግሊዝኛ መልስ ታዲያ! የግዕዙ ሁለት ነጥብ (፡) ለኮምፒዩተሩ ሌላ ፊደል ነው፣ ዝም ብሎ ያልፍና ያሳስትሃል። በእንግሊዝኛው እምቢ ካለህ ነገሩ አለቀ፣ ችግሩ ዲ ነው። ፎልደር መፍጠር ጭራሽ ከከለከለህ ደግሞ ዲ ለንባብ ብቻ ተከፍቷል ማለት ነው። ያ የሚመጣው ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የሚያቆየው ፋስት ስታርትአፕ ሳይጠፋ ሲቀር ወይም ዊንዶውስ ላይ እያለህ መብራት ድርግም ሲል ነው። ዊንዶውስ ገብተህ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ፣ ዲ ላይ ቼክ ዲስክ አስኪድ፣ ከዚያ በደንብ ዝጋው።

ሁለት ነጥቧ ለምን እንደምታጣላ ልንገርህ፣ ይቺን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስቲም የዊንዶውስ ጌም ሲያስነሳ ፕሮቶን የሚባለውን ይጠራል። ፕሮቶን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲሰራ የኖረው ዋይን ነው። ዋይን ዊንዶውስን አይጭንልህም፣ ኮምፒዩተር አስመስሎም አይፈጥርም። አስተርጓሚ ነው። ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ «ፋይል ክፈትልኝ» ሲል ዋይን ለሊኑክሱ በሊኑክስ ቋንቋ ያደርስለታል። ስዕሉንም ሌላ አስተርጓሚ ከዊንዶውሱ የስዕል ቋንቋ ከዳይሬክትኤክስ ወደ ቩልካን ይመልስለታል። አሁን ጌሙ ዊንዶውስ ቤት ያደገ ስለሆነ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ሲ የለም። ዋይን ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ ጌም ትንሽ የዊንዶውስ ቤት ይሰራለታል። ተራ ፎልደር ነው፣ ውስጡ ዊንዶውስ የሚባል ፎልደር አለ፣ ዶክመንትስ አለ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ «ሲ» ፊደልና ሁለት ነጥብ ብቻ የሆነ ስም ያላት ማመላከቻ ያስቀምጥና ወደዚያ ቤት ይጠቁማታል። ጌሙ ሲ ሲል በእሷ በኩል ይገባል። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚች ማመላከቻ ላይ ነው። ስቲም ደግሞ ይህን ቤት የሚሰራው ጌሙ ያለበት ዲስክ ላይ ነው። ያንተ ዲ ፎርማት የተደረገው በዊንዶውሱ አሠራር፣ በኤንቲኤፍኤስ ነው፣ የዊንዶውስ ሕግ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ አይፈቅድም። ሚንት ዲን ሲከፍት ያንን ሕግ ያከብራል። ስለዚህ ማመላከቻዋ አትፈጠርም፣ ቤቱ በር የለውም፣ ጌሙ አምስት ሰከንድ ዞር ዞር ብሎ ይወጣል። ሕጉን በግድ አልፈህ ብታስፈጥራት እንኳ ዊንዶውስ ተመልሶ ቼክ ዲስክ ሲያስኬድ እንደ ብልሽት ሊቆጥራት ይችላል። አትሞክረው።

መፍትሔው ጌሞቹን በሊኑክሱ አሠራር፣ በኢኤክስቲ4 ፎርማት ወደተደረገ ዲስክ ማዛወር ነው። ሙሉውን እንደገና ማውረድ አያስፈልግህም።

ከሁሉ በፊት ፎቶህንና ሰነድህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዋስ። ግን ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡትን «2 ቴራ» የሚል የተጻፈባቸውን ፍላሾች እንዳታምን። ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ መጠኑን ይዋሻል። ግልበጣው ያለ ስህተት ያልቃል፣ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ኤፍ3 የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ በእሷ ሳትፈትሽ ምንም እንዳታስቀምጥበት።

ከዚያ ዲ ላይ ካለው «ስቲምአፕስ» ፎልደር ውስጥ «ኮመን» የሚለውን ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጥ። «ኮምፓትዴታ» የሚለውን ተወው፣ በሩ የጠፋው ቤት እሱ ነው። ተጫውተህ ያስቀመጥከው ሴቭ ካለህ የዊንዶውሱ ዶክመንትስ ውስጥ ፈልግና አብረህ ያዝ።

አሁን ዲስክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትና ዲን ወደ ኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርግ። የዲስኩን መጠንና ስም ሁለት ጊዜ አንብብ። በስህተት የዊንዶውሱን ወይም ኤክስተርናሉን የመረጠ ሰው አውቃለሁ፣ የልጆቹ ፎቶ የለም። የገለበጥካቸውን ፎቶዎች እዚያው ኤክስተርናሉ ላይ አንድ ሁለቱን ከፍተህ ሳታይ ፎርማት የሚለውን እንዳትነካ። መብራት በሚመላለስበት ሰዓትም አታድርገው፣ ዩፒኤስ ከሌለህ ሌሊት ይሻላል። ከዚህ በኋላ ዊንዶውስ ዲን አያየውም፣ እወቀው።

የአዲሱ ዲስክ ባለቤት ሩት፣ ማለትም የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ከሆነ ስቲም መጻፍ አልቻልኩም ሊልህ ይችላል። ያኔ ፋይል ማኔጀሩ ላይ በቀኝ ክሊክ እንደ ሩት ክፈተውና ባለቤቱን ወደ ራስህ ስም ቀይር። ስቲምን ራሱን እንደ ሩት አታስነሳ፣ ጥገና ቤቱ አስተምሮህ ከሆነ እርሳው። እዚያው ዲስክስ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዲም አብሮ እንዲከፈት አድርግ።

ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ላይ ዲን ጨምር። የገለበጥከውን በአዲሱ «ኮመን» ውስጥ አስቀምጥና ኢንስቶል በል። ያሉትን ፋይሎች ያያቸዋል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ስቲምህ ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው በፍላትፓክ የተጫነ ከሆነ ግን ዲን ላያየው ይችላል፣ አውጣውና ተራውን ጫን።

ስለ ድራይቨሩ አንድ ነገር ብቻ። ጥገና ቤቱ ከኢንተርኔት አውርዶ በእጅ ጭኖልህ ከሆነ የሊኑክሱ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ሲታደስ ጥቁር ስክሪን ሊያስታቅፍህ ይችላል። አስወግደውና ከሚንት ድራይቨር ማኔጀር ጫን። «አዲሱን» እያልክም አትሩጥ፣ ለ1050 ቲአይ የመጨረሻው ተከታታይ 580 ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ካርድህን አያውቀውም።

ቫሎራንትና ፎርትናይት ካማሩህ ዊንዶውሱን አታጥፋ። ፀረ ማጭበርበሪያቸው ሊኑክስን አይቀበልም፣ የእኔም የማንም ጥገና አያስገባህም። ጂቲኤ ኦንላይንም ለሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ተዘግቷል፣ ታሪኩን ግን ትጫወታለህ። መጀመሪያ ሲነሳ የሮክስታር ላውንቸር ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ዳታህን ለእሱ ቆጥብለት። ስቲም ሼደር የሚባሉትን የስዕል ፋይሎች እያዘጋጀ ሲዘገይም ተሰቀለ ብለህ አትግደለው።