አንድ ቀን በኢንቨርጎርደን ወደብ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ሐምሌ ወር የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ከሆኑት እናቴ ጋር፣ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥታ የብሪታንያን ደሴቶች በምትዞር የመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ትኬት ቆርጠናል። መርከቧ በሰሜን ስኮትላንድ ኢንቨርጎርደን በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ትቆማለች። የመርከብ ድርጅቱ ወደ ሎክ ኔስ ሐይቅ በአውቶቡስ ሊወስደን ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው ለሁለት ሰው ከበድ ይላል። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድ አይችሉም፤ በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ጥንታዊ ነገር ካላዩ የተጓዙ አይመስላቸውም። ብንከፍል ይሻላል ወይስ እዚያው አካባቢ የሚታይ ነገር አለ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እኔ ብሆን ወደ ሎክ ኔስ አልሄድም። ሐይቁ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጥልቀቱ 230 ሜትር የሚደርስ፣ ዝናውም ዓለምን ያዳረሰ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጎብኚዎች በብዛት እስከሚወሰዱበት እስከ ኧርካርት ግንብ ድረስ መንገዱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ ከቀንዎ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ግንቡ ፍርስራሽ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ወደ እርሱ የሚያደርሰውም መንገድ ቁልቁለት ነው፤ የወረዱትን ቁልቁለት ደግሞ መልሶ መውጣት ግድ ነው። በእናትዎ ጉልበት ይህን ማድረግ አይመከርም። ከዚያ ይልቅ እዚያው አጠገብ ያለው አገር፣ ለኢትዮጵያዊ ዓይን በተለይ፣ እጅግ የተሻለ ነገር ይዟል።

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ። ኢንቨርጎርደን የምትገኘው ክሮማርቲ ፈርዝ በሚባል የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው። ወሽመጡ ጥልቅና ከማዕበል የተጠለለ በመሆኑ ትልልቅ መርከቦች ከመቆሚያው ጋር ተጠግተው ይታሰራሉ፤ በአንዳንድ ወደቦች እንደሚደረገው መንገደኛው በትንንሽ ጀልባ ተጭኖ ወደ የብስ መውጣት አይኖርበትም፤ ይህም ለእናትዎ ቀላል የማይባል እፎይታ ነው። ከመርከቧ ላይ ሆነው የሚያዩአቸው ባለ ረጃጅም እግር የብረት ግዙፎች፣ ለጥገና ወይም ቀጣይ ሥራ እስኪገኝላቸው ድረስ ከሰሜን ባሕር የመጡ የነዳጅ መቆፈሪያዎች ናቸው። ፎቶ የሚያነሡ መንገደኞች እይታ አበላሹብን ብለው ያማርራሉ፤ እኔ ግን የአካባቢው ሰው እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ ስለሚናገሩ ደስ ይሉኛል።

ይኸው ጥልቅ ውኃ ቀድሞ የብሪታንያን የባሕር ኃይል ስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 መንግሥት በኢኮኖሚው ቀውስ ምክንያት ደመወዝ ሲቀንስ፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ካላቸው ነባር መርከበኞች የብዙዎቹ የቀን ደመወዝ ከ4 ሺሊንግ ወደ 3 ሺሊንግ፣ ማለትም በሩብ እንዲወርድ ተወሰነ። መርከበኞቹ በከተማዋ የእግር ኳስ ሜዳና በመዝናኛ ክበባቸው ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ፣ 12,000 ያህሉ በወሽመጡ ላይ በቆሙት የጦር መርከቦች ውስጥ ሆነው ለሁለት ቀን ያህል ለሥራ አንሰማራም አሉ። ወሬው የለንደንን ገበያ አስደነገጠ፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ብሪታንያ ገንዘቧን ከወርቅ ጋር ያስተሳሰረውን ሥርዓት ለመተው ተገደደች። ዛሬ በዋናው መንገድ ላይ የሚራመድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ተነሣ ቢሉት አያምንም፤ መንገዱ ጥቂት ሱቆች፣ ካፌዎችና በግድግዳ ላይ የተሣሉ ትልልቅ ሥዕሎች ያሉበት ጸጥተኛ ጎዳና ነው። ከሥዕሎቹ መካከል በባቡር ጣቢያው ያለውን፣ ወደ ጦርነት የሚሄዱ ወታደሮችንና የሚሸኟቸውን ቤተሰቦች የሚያሳየውን፣ ሳያዩ አይመለሱ። ለከተማዋ አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ ወሽመጡን ዞሮ በመኪና በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሚደረስበት ቦታ፣ ኒግ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በዚያ ባለችው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ፒክት በሚባሉት የጥንት የስኮትላንድ ሕዝቦች በ8ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የተቀረጸ፣ መስቀል ያለበት ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። በመስቀሉ አናት ላይ ሁለት መነኮሳት ጎንበስ ብለው ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ከላይ በመካከላቸው አንድ ወፍ ኅብስት በአፉ ይዞ ወደ ጽዋ ይወርዳል፤ ከመነኮሳቱ ኋላም እንስሳት አድፍጠዋል። እናትዎ ይህን ሲያዩ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ናቸው። በየካቲት 2 ስንክሳር እንደሚነበበው፣ ቁራው ለአባ ጳውሊ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ሲያመጣ ኖሮ፣ አባ እንጦንስ ሊጎበኛቸው በመጣ ዕለት ሙሉ እንጀራ ይዞ መጣ። ይህ የግብፅ በረሓ ታሪክ ወደ እኛ ገዳማት እንደመጣ ሁሉ ሰሜኑ የዓለም ጫፍም ደርሶ፣ ግብፅን በዓይኑ አይቶ በማያውቅ ጠራቢ እጅ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል።

ድንጋዩን ዞረው ጀርባውንም ይመልከቱ። እዚያ ደግሞ ዳዊት አለ፤ አንበሳውን ሲይዝ፣ በጉ አጠገቡ፣ በገናውም በአጠገቡ። በገናው ሦስት ማዕዘን ያለው ስለሆነ ከእኛው በገና ጋር በቅርጹ አይመሳሰልም፤ ዳዊትን ያለ በገና መሣል እንደማይሆን ግን ፒክቶቹም ያውቁ ነበር። ከዚሁ ጋር ፈረሰኛ አዳኞችም ተቀርጸዋል፤ በመስቀሉ ዙሪያ ያለው እንደ እባብ የተጠላለፈ ሐረግም ተቀምጠው በዓይንዎ ቢከተሉት ጊዜው ሳይታወቅዎ ያልፋል። ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ተሰብሮ የነበረ ሲሆን፣ ጠፍቶ ከነበረው ክፍል አንዱ ቁራጭ እ.ኤ.አ. በ1998 በአቅራቢያው ካለ ወንዝ ተገኝቶ ኋላ ከቦታው ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያኗ በበጋው ወራት ቀን ቀን ለጎብኚ ክፍት ትሆናለች፤ ውስጧ ጠባብ ስለሆነ እናትዎን አያደክምም፤ መቀመጫም አለ።

ጊዜ ከተረፈዎ መንገዱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይቀጥሉ። ሻንድዊክ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር በላይ ሌላ ረጅም የፒክት ድንጋይ በኮረብታ ላይ፣ ከዝናብ እንዲጠበቅ በመስታወት ቤት ተከልሎ ይታያል። ከዚያም በባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ አጠገብ ፖርትማሆማክ የምትባል መንደር አለች፤ በአሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት በተደረገ ቁፋሮ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ዙሪያ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የፒክቶች ገዳም ተገኝቷል። የገዳሙ መነኮሳት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ያዘጋጁበት የነበረ ሥራ ቤትም ከነመሣሪያው ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ቆዳውን ለመወጠሪያ ያገለገሉ የአጥንት ካስማዎችና መፋቂያ ቢላዋ ጭምር ማለት ነው። ብራና ሲፋቅ ያየ ኢትዮጵያዊ እነዚህን ለመለየት የሙዚየም መግለጫ ማንበብ አይጠበቅበትም። የእኛ ሠራተኞች በብዛት የፍየል ቆዳ ሲጠቀሙ፣ እነዚያ የጥጃ ቆዳ ይጠቀሙ ነበር። ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ800 አካባቢ ተቃጥሏል። የሙዚየሙ የመክፈቻ ቀንና ሰዓት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ለማየት ታክሲ ያስፈልግዎታል፤ ታክሲውንም ከቤትዎ ሳይነሡ በስልክ ወይም በኢሜይል መያዝ አለብዎ። በትንሽ ከተማ ውስጥ ያሉት ታክሲዎች ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ጠዋት ሁለትና ሦስት ሺህ መንገደኛ ከመርከብ ሲወርድ ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ ታክሲ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከሹፌሩ ጋር ዋጋውን ለሰዓቱ በጠቅላላ ይነጋገሩ፤ መርከቧ ከምትነሣበት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ወደብ እንድትደርሱም ይስማሙ። መርከቧ ራሷ ባዘጋጀችው ጉብኝት የሄዱትን ትጠብቃለች፤ በግል የሄደውን ግን አትጠብቅም። እዚህ ላይ እኛን ለይቶ የሚያጠምድ ነገር አለ፦ በመርከቧ የሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ 17፡30 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር 11፡30 ነው፤ ለእናትዎ ሰዓቱን ሲነግሯቸው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለይተው ይንገሯቸው።

በባቡር የአካባቢው ትልቅ ከተማ ወደሆነችው ወደ ኢንቨርነስ መሄድም ይቻላል፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ፣ በተለይ እሑድ፣ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በመርከብ ለመጣ ሰው አልመክርም።

ስለ ልብስ፦ በሐምሌ ወር እንኳ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ነው፤ ነፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ከውስጥ ሹራብ ይያዙ። ጃንጥላ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። የስኮትላንድ የወረቀት ገንዘብ በሦስት የተለያዩ የአገሩ ባንኮች ስለሚታተም መልክ መልኩ ይለያያል፤ ሐሰተኛ ነው ብለው አይደንግጡ፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አንዳንድ ሱቆች ሲቀበሉት ስለሚያመነቱ ከአገሩ ሳይወጡ ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ባለቤቴ የጀርመን ዜጋ ናት። ከሃምቡርግ በሚነሣ መርከብ በስኮትላንድ ወደቦች ለአንዳንድ ቀን ብቻ እንቆማለን። ሌሊቱን መርከብ ላይ ስለምናድር ቪዛ አያስፈልግም ያሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ በእነዚህ ሰዎች ምክር አይመኑ። ብሪታንያ በሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች ማኅበር፣ ውስጥ አይደለችም፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድዎ ወደ ጀርመን ለመመለስ ይረዳዎታል እንጂ ስኮትላንድ ላይ አያስገባዎትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ወደ ብሪታንያ ለመግባት አስቀድሞ የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። ማመልከቻውን ከጉዞው ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ ይሁንና በበጋ ወራት ስለሚዘገይ ቀደም ይበሉ። ቪዛው ከሌለ የመርከብ ድርጅቱ ገና ሃምቡርግ ላይ እንዳይሳፈሩ ሊከለክልዎት ይችላል፤ ለትኬት የከፈሉትም ገንዘብ ላይመለስ ይችላል። ባለቤትዎ በጀርመን ፓስፖርታቸው ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ በስልክ መተግበሪያ ወይም በኢንተርኔት ማውጣት አለባቸው። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ወይም ፓስፖርቱ እስኪያበቃ ድረስ ያገለግላል። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችንና እናታቸውም የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ከሆነ ይኸው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

መኖሪያ ፈቃድ ሳይኖራቸው በሸንገን ቪዛ መጥተው በዚሁ መርከብ የሚሳፈሩ ዘመድ ካሉዎት ደግሞ አንድ ነገር ያስታውሱአቸው። መርከቧ ከሃምቡርግ ወጥታ ስኮትላንድ ስትደርስ ከሸንገን እንደወጡ ይቆጠራል፤ ቪዛቸው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ወደ ሃምቡርግ መመለስ አይችሉም። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መሆኑን ከወዲሁ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በፍልሰታ ጾም ውስጥ በስኮትላንድ ወደቦች እንቆማለን። ምን እንበላለን? ዓሣና ድንች ጥብስ ብቻ ነው ያላቸው ይባላል። (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ዓሣውን በጾም ትበላላችሁ ወይስ አትበሉም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተዋለሁ። ማስጠንቀቅ የምፈልገው ድንቹን ነው። በስኮትላንድ አንዳንድ ዓሣ ጠባሾች ድንቹን የሚጠብሱት በዘይት ሳይሆን በቀለጠ የከብት ስብ ነው፤ ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት በምን እንደሚጠበስ ጠይቁ። ሾርባውም ያታልላል፤ የምስር ሾርባ በብዙ ቤት በአሳማ አጥንት መረቅ ይሠራል፤ ከለን ስኪንክ የሚባለው የታወቀው የዓሣ ሾርባቸውም ወተት አለበት። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር ተከትፎ የሚሠራው ሐጊስ፣ ከዱለት የማይርቅ ምግብ ስለሆነ በፍስክ ቀን ብትቀምሱት ደስ ይላችኋል፤ በጾም ግን ከምስር፣ ከባቄላና ከአጃ የሚሠራውን ያለ ሥጋ የሆነውን ጠይቁ፤ ቅቤ አለመጨመሩንም አጣሩ። በውኃና በጨው ብቻ የተሠራ የአጃ ገንፎም የአገሩ የቆየ ምግብ ስለሆነ ማንም እንግዳ ነገር ጠየቁ አይላችሁም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ በትንንሾቹ ከተሞች ብዙዎቹ ካፌዎች ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚዘጉ፣ ምግቡን ቀደም ብላችሁ አዝዛችሁ በ9 ሰዓት ብትቀመጡ ይሻላል።