ጠበቃ ሳልሆን ለልጅ ፍርድ ቤት መቆም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ቤታቸው ውስጥ ለተጎዱ ልጆች ፍርድ ቤት የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች አሉ ሲባል ሰማሁ። ሕግ አልተማርኩም፣ ሥራዬም ፋታ የለውም። ይሆንልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕግ መማር አይጠበቅብሽም። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ካሳ (CASA፣ ፍርድ ቤት የሾማቸው ልዩ ተሟጋቾች ማለት ነው) ይባላል፤ ከእኛ ካሳ ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ስሙ እንዴት ገጠመ! የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያትል ነው። ዴቪድ ሱካፕ የተባሉ ዳኛ ስለ ልጆቹ በቂ ነገር ሳያውቁ ዕጣቸውን መወሰኑ እንቅልፍ ነሳቸው፤ ተራ ዜጎችን አሠልጥኖ ማሰማራትን አሰቡ።

ሥራው ልጁን እየሄዱ መጠየቅ፣ መዝገቡን ማንበብ፣ አስተማሪውን፣ ሐኪሙን፣ ወላጆቹን፣ አሳዳጊዎቹን ማነጋገር፣ ከዚያ ያዩትን ለዳኛው ጽፎ ማቅረብ ነው። ልጁ የሚፈልገውና የሚበጀው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። «ወደ እናቴ መልሱኝ» ቢልና ቤቱ ገና አደገኛ ቢሆን፣ ፍላጎቱንም ሥጋትሽንም ለዳኛው ትነግሪያለሽ። እኔን የሚከብደኝ እሱ ነው። ደግሞ ወላጆቹን ጠላት አድርገሽ አትግቢ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግብ ቤቱ ተስተካክሎ ልጁ እንዲመለስ ነው።

ዕድሜሽ ብዙውን ጊዜ 21 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ የወንጀል ሪከርድ ይጣራል፣ ወደ 30 ሰዓት ሥልጠና አለ። ልጁን ቤትሽ ወስዶ ማሳደር አይፈቀድም። የሰማሽውን ለጓደኛ ማውራትም እንዲሁ።

ፋታ ስላልሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥሽ የአንድ ልጅ ወይም የወንድማማቾች ጉዳይ ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው፤ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ቤቱም ሶሻል ወርከሩም የተቀያየረበት ልጅ አንቺም መሀል ላይ ብትጠፊበት ይጎዳል፤ እስከ መጨረሻው መቆየት ካልቻልሽ ለጊዜው አትመዝገቢ።